እኔ ስኳርን ተውኩት፤ እሱ ግን አልተወኝም

ይህን ገጽ የገለጡት ራትዎን በልተው፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ከሆነ ግድ የለም፣ እንዳሉ ይቆዩ። በኋላ ብድግ ይበሉ እልዎት ይሆናል፤ አሁን ግን ጊዜው አይደለም። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ ነው። ነገሩን ለነፍስ አባቴና ለሐኪሜ እንጂ ለባለቤቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ምሥጢር መጠበቁ እንግዲህ የእርስዎ ፋንታ ነው።

እኔ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ ስነዳ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ ላይ፣ ጉንፋን አልለቀኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ በማግስቱ በባዶ ሆዴ የተለካው የደሜ ስኳር 188 ሆኖ ተገኘ። (ለማያውቁት፦ አሜሪካ የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። አውሮፓ ያላችሁ መስፈሪያችሁ ሌላ ከሆነ ለ18 አካፍሉት።)

“ስኳር አለብህ” ሲሉኝ ዓይኔ ላይ የመጣው የሻይ ስኳር ነው። እውነቴን ነው፣ ሻይ ስጠጣ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ይቆም ነበር። ጥፋተኛው ተገኘ አልኩና በዚያው ዕለት ፈረድኩበት። ሻይና ቡናዬን መራራ አደረግሁ። ለስላሳ መጠጥ እርም አልኩ። የወንድሜ ልጅ ልደት ላይ ኬክ ቢቆርሱልኝ ሰይጣን እንዳየ ሰው አፈገፈግሁ። ባለቤቴም በየዘመዱ ቤት “እሱ ስኳር የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም” እያለች ታሞግሰኝ ጀመር። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ ሽልማት የሚሰጡኝ ነበር የመሰለኝ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤዋንሲ የሚሉት ምርመራ በመጀመሪያ 8.9 ነበር፤ አሁን 8.8 ሆነ። ለዚያ ሁሉ መራራ ሻይ አንዲት ነጥብ!

ከዚያ ወደ አንዲት የምግብ አማካሪ ነርስ መሩኝ። ሴትዮዋ ሳቂታ ናት። “ትናንት ማታ ምን በላህ?” አለችኝ። “እንጀራ በሽሮ።” “ስንት እንጀራ?” እዚህ ላይ ተቸገርኩ። አንባቢዬ ይፍረዱ፤ እኛ ዘንድ እንጀራ ሲቆጥር የሚገኝ ሰው ምን ተብሎ ነው የሚጠራው? የተነጠፈውን ይበላሉ፣ ባለቤትዎ ይጨምራሉ፣ “በሞቴ” ይባላል፣ ይጎርሳሉ። ሁለት ልበላ እችላለሁ፣ ሦስትም ልበላ እችላለሁ። ነርሷ ወረቀት አውጥታ ክብ ክብ ነገር እያያዘች ትስል ጀመር፤ ልክ በክር የተሰካ ዶቃ። ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ሞላችውና “ይኸውልህ እንጀራህ” አለችኝ። “እያንዳንዱ ዶቃ ስኳር ነው።”

ተናደድኩ። በእንጀራዬ መጣችብኝ። ነገር ግን ትምህርት ቤት የተማርነው ትዝ አለኝ። ሳይንስ አስተማሪያችን ምግብን ሦስት ቦታ ከፍለው ያስጠኑን ነበር፦ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ፣ ኃይል ሰጪ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ኃይል ሰጪ ናቸው ብለን በቃላችን እናነበንባለን። ኃይሉን እንዴት እንደሚሰጥ ግን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው እንግዲህ ያንን ያመለጠኝን ትምህርት ተቀምጬ የተማርኩት።

እርስዎም ከፈለጉ አሁኑኑ ይሞክሩት። አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ አፍዎ ውስጥ ያድርጉና ሳይውጡ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያኝኩት። ቀስ በቀስ መጣፈጥ ይጀምራል። ስኳር የጨመረበት የለም፤ ምራቅዎ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ክሩን እየበጠሰ ዶቃውን መልቀም ጀምሮ ነው። ካርቦሃይድሬት የሚባለው ነገር ባብዛኛው ይኸው ነው፦ ግሉኮስ የሚባል ስኳር በመቶና በሺህ ተያይዞ ስታርች ይሆናል፤ ስታርቹ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ገንፎ ይሆናል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ከዚያም ላይ ስምንት ግራም ገደማው አሰር ነው፤ አሰርም ካርቦሃይድሬት ሆኖ ሳለ የኛ አንጀት ሊፈታው የማይችለው ቋጠሮ ስላለበት ስኳር ሳይሆን ያልፋል። የቀረው ግን ትንሹ አንጀት ላይ ሲደርስ ከቆሽት በሚመጣው ኤንዛይም ተበጣጥሶ አንድ በአንድ ወደ ደም ይገባል። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ “እኔ ከጤፍ ነኝ፣ እኔ ከኬክ ነኝ” የሚል ግሉኮስ የለም። እኔ የተውኩት የሻይ ስኳር ሁለት ዶቃ ብቻ ነው፤ አንዱ ግሉኮስ፣ አንዱ ፍሩክቶስ። በሁለቱ ላይ ስፎክር በሺህ የሚቆጠረው በትሪ እየቀረበልኝ ነበር።

ቀጥሎ ያስገረመኝ የደማችን አቅም ማነስ ነው። የአንድ ጎልማሳ ደም ወደ አምስት ሊትር ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ደም ውስጥ፣ ሰውየው ጤነኛ ከሆነ፣ የሚገኘው ስኳር በጠቅላላው አምስት ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ! እኔ ደግሞ በአንድ ማዕድ መቶና ከመቶ በላይ ግራም አወርድበታለሁ። እንግዲህ ያ ሁሉ መጥቶ ሲያበቃ ደሙ በአንድ ማንኪያው እንዲቆይ፣ የመጣው ወዲያው ወዲያው ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን መልእክተኛ የሚልከው ለዚህ ነው። ኢንሱሊን ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እየዞረ “በር ክፈቱ፣ እንግዳ መጥቷል” ይላል፤ ጉበትን ደግሞ “አንተ ማውጣትህን አቁም፣ አስገባ” ይለዋል።

ከገባው ግሉኮስ የተወሰነው እዚያው ይነዳል። በመጀመሪያ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከዚህ የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ነው። ከዚያ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የሕዋስ ምድጃዎች ገብቶ፣ በምንተነፍሰው ኦክስጅን ቀስ እያለ ተቃጥሎ ዋናውን ጉልበት ይሰጣል። የሚቀረው አመድ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ነውና እናስወጣዋለን። ትናንት የበላነውን እንጀራ አብዛኛውን ያስወገድነው በትንፋሽ ነው ቢባል ማን ያምናል? እኔም ለማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ያልነደደው ጎተራ ይገባል። ጎተራውን ያገኘው ክሎድ በርናር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ከጉበት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስታርች መሰል ነገር ለይቶ አወጣ። ጉበት ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻዎቻችን በአንድነት ወደ 400 ግራም ይይዛሉ። ሁለቱ ጎተራዎች ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጉበት ለጋስ ነው፤ ደሙ ሲያንስበት ከጎተራው እየሰፈረ ይልካል። ጡንቻ ግን ያስገባውን ለራሱ ብቻ ነው የሚበላው። ግሉኮሱን ፈትቶ ወደ ደም የሚመልስበት ኤንዛይም የለውም። ጎረቤት በረሃብ ቢያልቅ፣ ጎተራው ሙሉ ሆኖ እያለ፣ የሚያበድረው ስኳር የለም። ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ ወደ ኑዛዜዬ ስመጣ ትፈለጋለች።

ሁለቱን ጎተራዎች የሚያገናኝ አንድ መንገድ አለ። ጡንቻ በጥድፊያ ሲሠራ የሚተርፈውን ላክቴት ደሙ ላይ ይጥለዋል፤ ጉበት ያንን ለቅሞ እንደገና ግሉኮስ አድርጎ ይልክለታል። ይህን ያጠኑት ባልና ሚስት ናቸው፤ ካርልና ጌርቲ ኮሪ። ፕራግ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ የመጡ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። በ1947 ኖቤል ሲሸለሙ ጌርቲ በሕክምናው ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከሳይንሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ስደተኞች መሆናቸውን ሳነብ ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ነርሷን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ እርስዎም ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። “አባቴ ገበሬ ነበር። ከኔ ይበልጥ እንጀራ ይበላ ነበር፤ ቆሎውም ጠላውም ሳይቆጠር። እስኪሞት ድረስ እንደ ሽመል ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው ነበር። እንጀራው ስኳር ከሆነ እሱን ለምን አልያዘውም?” አልኳት። እሷም መልሳ ጠየቀችኝ። “አባትህ ቀኑን በምን ያሳልፍ ነበር?” “በሬ ጠምዶ ሲያርስ ነዋ።” “አንተስ?” ዝም አልኩ። ታክሲ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ የምትሠራው የቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚት ብቻ ናት፤ እሷም ነዳጅና ፍሬን ለመርገጥ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የሚባሉ ሁለት የስዊድን ሐኪሞች በገዛ ገላቸው ላይ ያደረጉትን አንድ ሙከራ አሳተሙ። አንድ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መካከላቸው አድርገው፣ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ ፔዳሉን መቱ። ሌላው እግር ዐረፈ። የሠራው እግር ጎተራው እስኪራቆት ከገፉ በኋላ ለሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በሉ፤ እየቆዩም በመርፌ ከሁለቱም ጭናቸው የሥጋ ቅንጣት እያወጡ መረመሩ። ያረፈው እግር እምብዛም አልተለወጠም። የሠራው እግር ግን ካረፈው እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አጠራቀመ። አፉ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ሰውየው አንድ፤ የሠራው እግር ከደሙ ስኳር ይሻማል፣ ያረፈው ዝም ይላል። ከዚያ ወዲህ የታወቀ ሌላም ነገር አለ። ጡንቻ እየተኮማተረ ሳለ የግሉኮስ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን እስኪጠራው ሳይጠብቅ ነው። በእንደኔ ዓይነቱ በሽተኛ ኢንሱሊኑ እየጮኸ ጡንቻው ባይሰማው እንኳ፣ እግሩ ከተራመደ ይከፈታል።

ነገሩ ሁሉ በመቀመጥ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። በዘር የሚወረስ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ክብደት አለ። ገና በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት ስኳር ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ስለሚያቆም ነው እንጂ ልጁ ያጠፋው የለም። “የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም፣ እንደልብህ ብላ” የሚሉኝን ወዳጆቼን ግን መለኪያዬን አውጥቼ ማሳየት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙዎቹ ዝም ብለዋል። አብሽም ለሁለት ወር ጠጥቻለሁ። ጠረኑ ታክሲዬ ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪ መስኮት እስኪከፍት ድረስ። ከዚያ የዘለለ ውጤት አላየሁበትም።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ።

በምርመራው ላይ ያ 8.8 ከመጣ በኋላ ሐኪሙ ሁለተኛ ክኒን ጨመረልኝ። ግሊፒዛይድ ይባላል፤ ሥራው ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ማስወጣት ነው። ዕቃው ላይ “ከምግብ በፊት” ተብሎ ተጽፏል፤ ሐኪሙም ነግሮኛል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። መጋቢት 2018፣ ሁዳዴ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ክኒኔን በውኃ ዋጥኩና ወጣሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም ነው ሐሳቤ። መድኃኒት መዋጤን እንደ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር።

ተኝተን ስናድር ጉበት ነው የሚያበላን። አእምሯችን ከክብደታችን መቶኛ ሁለቱ ብቻ ሆኖ ሳለ በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈጃል፤ ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ከጎተራው እየሰፈረ ይልክለታል። ጎተራው ሲመነምን ደግሞ ከሌላ ነገር ግሉኮስ ይሠራል፤ ጤነኛ ሰው ጾሞ የሚውለው በዚህ ነው። እኔ ግን በባዶ ሆዴ ኢንሱሊን የሚገፋ ክኒን ወስጃለሁ። ኢንሱሊኑ ወጥቶ ጉበቴን “ዝጋ” ይለዋል፤ ከአፌ የሚገባ የለም፤ ጡንቻዬ ያለውን አያበድርም። ያቺ አንድ የሻይ ማንኪያ እየጎደለች ሄደች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከጆርጅታውን አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ይዤ ወደ ናሽናል አየር ማረፊያ እየሄድኩ ነው። ወንዙን ተሻግሬ ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ ያዝኩ። ብርድ ነው፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ይደልቃል። ከሁሉ የከፋው የቀጠለው ነው፦ የመንገዱ ምልክት ላይ የተጻፈው ፊደል ይታየኛል፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳው ሰው ነኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። የአየር ማረፊያውን መታጠፊያ አልፌው ሄድኩ። መኪናዋ ወደ ግራ ስትሸሽ ከኋላ ክላክስ ተነፋብኝ።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ወደ ፊት ጠጋ ብላ፣ እንደ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ፣ “ስኳር አለብህ?” አለችኝ። ባሏ ነበረበት ኖሯል። “ወደ ቀኝ ያዝ፣ ቀስ በል፣ እዚህ ሣሩ ላይ ቁም” እያለች አቆመችኝ። ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣች። እኔ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? “ጾም ላይ ነኝ” አልኳት። አእምሮዬ መንገዱን ረስቷል፣ የራሴን ቤት አድራሻ ብትጠይቀኝ የምመልስ አይመስለኝም፤ ጾሙን ግን አልረሳም። እሷ አልተከራከረችኝም። ወረቀቱን ልጣ፣ እናቴ እንደምታጎርሰኝ አድርጋ አፌ ውስጥ ከተተችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አብራኝ ተቀመጠች። ምልክቱ ላይ ያለው ፊደል ቀስ እያለ ቃል ሆነ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ከዚያ በፊት ለመፍራትም አቅም አልነበረኝም። ኋላ ወንበር ላይ የሰው እናት ይዤ ነበር።

አውሮፕላኗ አላመለጣትም፤ ለጥቂት ነው። ሒሳብ አልቀበልም ብላት ገንዘቡን ወንበሩ ላይ ጥላው ወረደች።

ሐኪሙ ያንን ክኒን ወዲያው አስቆመኝና በሌላ ለወጠልኝ። ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ መውሰድ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት እንዳለብኝም አስጠናኝ። የነፍስ አባቴ ደግሞ ተቆጡኝ። “መድኃኒት ውጠህ መራብ ጾም አይደለም፣ ልጄ” አሉኝ። አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ አብሮኝ የሚቆም ሙስሊም ወዳጄ ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት አብሬው ሰልፍ ቆሜያለሁ። እዚያ ሰልፍ ላይ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ እንነጋገራለን፤ ስለ ደማችን አንነጋገርም። ስንቶቻችን በኪሳችን ክኒን ይዘን እንደቆምን የታወቀው እኔ ያቺን ቀን ለሁለት ሰው ካወራኋት በኋላ ነው።

ለባለቤቴ ያልነገርኳት ታክሲውን ተው እንዳትለኝ ነው። የመኪናው ዕዳ ነበር፣ የልጆቹ ኮሌጅ ነበር። ከዚያ እያደር ለመናገር ይበልጥ ከባድ ሆነ። ያደረግሁት በልቤ ይዤ ጠባዬን መለወጥ ነው። እንጀራ አልተውኩም፤ አንዱን ለሁለት እከፍላለሁ፣ ከጎኑ ጎመኑንና ምስሩን አበዛለሁ። ከራት በኋላ ደግሞ የምንኖርበትን ሕንፃ ሃያ ደቂቃ እዞራለሁ። አንድ ሳምንት እንደ ስዊድኖቹ ሙከራ አደረግሁ። አንድ ቀን ያንኑ ራት በልቼ ሶፋዬ ላይ ዋልኩ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 221። በማግስቱ ያንኑ በልቼ ተራመድኩ፤ 168። እጄን ታጥቤ ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። የመጨረሻው ኤዋንሲዬ 6.9 ነው።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት ትናንት ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ ከረሜላው ድረስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ “አንተ ሰውዬ!” አለች። “ይህን ሁሉ ዓመት ከልብስ ማጠቢያው የከረሜላ ወረቀት የምለቅመው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ጣፋጭ በድብቅ ይበላል ብዬ ቆሜ ስጸልይልህ ኖሬያለሁ።” ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላወቅሁም፤ ፊቷን አዙራ ነበር። ሳህኖቹን ሳታነሣ ጫማዋን አደረገች። ካፖርቴን ከበሩ ኋላ አውርዳ ወረወረችልኝና፣ ኪሱን በእጇ ዳበስ አድርጋ ከረሜላው መኖሩን አይታ፣ “ተነሥ፣ እንውጣ” አለችኝ።